ቁራሽና ሙልሙል፦ የቅኔ ቤት ዘዴና የዛሬው የኪነ ጥበብ ትምህርት

አንድ ወጣት ግጥም ወይም ተውኔት ለመማር ደብተሩን ይዞ ሲቀርብ፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን የሚቀበለው ብያኔ ነው። ግጥም ምንድን ነው? ተውኔት ምንድን ነው? ጭብጥ፣ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት ማለት ምን ማለት ነው? እነዚህ በሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ በደብተር ይገለበጣሉ፤ ለፈተና ይጠናሉ። የትምህርቱ ጊዜ ሊያበቃ ሲል ደግሞ ያው ተማሪ ሙሉ ተውኔት ወይም አንድ መድበል የሚሞላ ግጥም እንዲያቀርብ ይጠየቃል። በብያኔውና በሙሉው ሥራ መካከል ያለውን ገደል በምን እንደሚሻገር ግን የሚነግረው አያገኝም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወጣት የግጭትን ትርጉም በቃሉ እያወቀ፣ ሁለት ሰዎችን መድረክ ላይ አቁሞ ማጋጨት ያቅተዋል። በመጨረሻም «ለካ ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ብዕሩን ይጥላል።

ይህ ፍርድ በቀላሉ መታመን የለበትም። ተሰጥኦ የሚባል ነገር መኖሩን የሚክድ የለም። ነገር ግን ተማሪው ያልተሳካለት ተሰጥኦ ስለሌለው ነው ከተባለ፣ የማስተማሪያው ዘዴ ከተጠያቂነት ነፃ ይወጣል። በዚህም ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በቤቱ መጽሐፍ ሳያይ፣ የተውኔት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ያደገው ወጣት ነው። የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ ገደሉን በሌላ በኩል ዞሮ ሊያልፈው ይችላል፤ የገበሬውና የሠርቶ አደሩ ልጅ ግን ከትምህርቱ በቀር ሌላ ድልድይ የለውም። ስለዚህ «ትምህርቱ ከየት ይጀመር?» የሚለው ጥያቄ ከማስተማር ዘዴ አልፎ ኪነ ጥበብ የእነማን እንደምትሆን የሚወስን ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የተለመደው መልስ «ከትንሹ ይጀመር» የሚል ነው። መልሱ ትክክል ቢሆንም የተሟላ አይደለም፤ ትንሽ ነገር ሁለት ዓይነት ነውና። ቁራሽ ትንሽ ነው፤ ሙልሙልም ትንሽ ነው። ቁራሽ ከትልቅ ዳቦ የተቆረሰ ነው፤ ዳቦው ሙሉ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ቁራሹ አይናገርም። ለቡሄ ለልጆች የሚጋገረው ሙልሙል ግን በልጅ እጅ የሚያዝ ይሁን እንጂ ራሱን የቻለ ዳቦ ነው፤ ተቦክቷል፣ ኩፍ ብሏል፣ ተጋግሯል። ሙልሙል የጋገረች ልጅ ትልቁ ድፎ የሚፈልገውን ሥራ ሁሉ በትንሹ ሠርታዋለች። ቁራሽ የቆረሰች ልጅ ግን ገና ምንም አልጋገረችም።

በየሥልጠናው የሚሰጡት ብዙዎቹ መልመጃዎች ቁራሾች ናቸው። «ቤት የሚመቱ ሃያ ቃላት ሰብስቡ»፣ «አሥር ዘይቤያዊ አነጋገሮችን ከነትርጉማቸው ዘርዝሩ»፣ «የአንድን ገጸ ባሕርይ መልክ በአምስት ዐረፍተ ነገር ግለጹ» ይባላል። ተማሪው ይሰበስባል፣ ይዘረዝራል፣ ይገልጻል። በእጁ የሚቀረው ግን ለሌላ ሰው አንብቦ የሚያስደስትበት፣ ሥራዬ ነው የሚለው ነገር አይደለም። መልመጃው ስለማያስደስት ይሰለቻል፤ የተሰለቸ መልመጃም አይደጋገምም፤ ያልተደጋገመ ነገር ደግሞ ከእጅ አይገባም።

የኢትዮጵያ የቅኔ ቤት ይህን ልዩነት ከረጅም ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ እየተባሉ የሚጠሩት የቅኔ መንገዶች በአካሄዳቸው ይለያያሉ፤ ጀማሪው ከጉባኤ ቃና መነሣቱ ግን ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ያለው፣ ከቅኔ ሁሉ አጭሩ ነው። ከዚያ ቀጥሎ 3 ቤት ያላቸው ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ይመጣሉ፤ 5 ቤት ያለው ዋዜማና 6 ቤት ያለው ሥላሴ ይከተላሉ፤ በዘይእዜም በኩል አልፎ ተማሪው ወደ መወድስ ይደርሳል፤ መወድስ በአብዛኛው 8 ቤት ነው። እንደየቤቱ ሥርዓት ጥቂት ልዩነት ቢኖርም አካሄዱ ይኸው ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን ተማሪው ግሱን፣ እርባ ቅምሩንና አገባቡን ያጠናል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጀማሪው መወድስን ቆራርሶ አንዱን ቤት ዛሬ፣ ሌላውን ነገ እንዲማር አይደረግም። የሚሰጠው ጉባኤ ቃና ነው፤ ጉባኤ ቃናም በ2 ቤት ብቻ መነሻና መድረሻ አለው፤ ልክ አለው፤ ቤት ይመታል፤ ሰም አለው፤ ወርቅ አለው። መወድስ የሚፈልገው ሁሉ በውስጡ በትንሹ አለ። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ ሲያልፍ የሚጨመርበት አንድ ቤት ነው፤ የሚያውቀውን ይዞ፣ የማያውቀውን ጥቂት ጨምሮ ይሄዳል። ስለዚህ በየደረጃው ባለ ቅኔ ነው። የ2 ቤት ባለ ቅኔ የነበረው የ3 ቤት ባለ ቅኔ ይሆናል እንጂ፣ አንድ ቀን ባለ ቅኔ እሆናለሁ እያለ ዓመታት የሚጠብቅ ተመልካች አይደለም።

የዕለቱም ሥርዓት ከዚህ ጋር የተስማማ ነው። ተማሪው ብቻውን ጥግ ይዞ ወይም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያም ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ያቀርባል፤ ይህም ነገራ ይባላል። ስሕተቱ እዚያው ይነገረዋል፤ ያስተካክላል፤ መምህሩ የዘረፉትንም ቅኔ ሰምቶ ይይዛል። ሥራው አጭር በመሆኑ ተሠርቶ፣ ተሰምቶ፣ ተነቅፎና ታርሞ የሚያልቀው ጉዳዩ ሳይቀዘቅዝ ነው። ሦስት ገቢር ያለው ተውኔት የጻፈ ሰልጣኝ ግን ስሕተቱን የሚሰማው ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ስሕተቱን ለምን እንደሠራው ራሱም ረስቶታል። በአንድ ወቅት አንድ ጊዜ የሚታረም ሰውና በየቀኑ የሚታረም ሰው በዓመቱ መጨረሻ እኩል ቦታ ላይ ሊገኙ አይችሉም።

የዚህ እርማት ጥቅም በምሳሌ ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ቅኔ የግእዝ ነው፤ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ እንዲሆን ግን ለማሳያ ብቻ በአማርኛ የተሰናዱ ሁለት ስንኞች ይታዩ። ጀማሪው «ተማረ» የሚለው ቃል ትምህርት አገኘ ማለትም፣ ምሕረት አገኘ ማለትም መሆኑን ደርሶበታል እንበል። በግኝቱም ተደስቶ እንዲህ ብሎ ያቀርባል፦

ከመምህሩ ደጃፍ ሲመላለስ ከርሞ፣
ተማረ፤ ምሕረትም አገኘ ደጋግሞ።

ልኩ ስድስት ስድስት ቀለም ነው፤ አልተዛነፈም። ቤቱም ይመታል። ሆኖም ጎበዝ መምህር ሲሰማው ጉድለቱን ወዲያው ያገኘዋል። ተማሪው ኅብሩን ራሱ ፈትቶታል፤ «ተማረ» ባለበት አፉ «ምሕረትም አገኘ» ሲል ወርቁን ከሰሙ አውጥቶ በአደባባይ አሰጥቶታል። ለሰሚው የተተወለት ሥራ የለም። መምህሩ «ምሕረትን አትጥራት፤ ጥፋቱን ብቻ ንገረን» ይሉታል። ተማሪው ተመልሶ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቆይቶም እንዲህ ይላል፦

ከመምህሩ ደጃፍ ሲመላለስ ከርሞ፣
ተማረ ይባላል ጥፋቱን ደጋግሞ።

አሁን ምሕረት የሚለው ቃል የለም፤ ምሕረቱ ግን አለ። ላዩን የሚሰማ ሰው፣ ልጁ እየተሳሳተ ተማረ የሚለውን ሰም ይይዛል። ልብ ያለው ሰሚ ደግሞ ጥፋቱን ደጋግሞ ይቅር የተባለውን ልጅ ያያል፤ ከዚያም አልፎ መምህሩ ስሕተትን ይቅር ካላሉ ተማሪው ሊማር እንደማይችል ይረዳል። ከአንዱ ስንኝ ሁለት ቃላት ተለውጠዋል፤ ተማሪው ግን «ሁሉን አትናገር» የሚለውን የኪነ ጥበብ ትልቅ ሕግ በገዛ እጁ ሠርቶ አግኝቶታል። ይህንኑ ሕግ በብያኔ መልክ ሃምሳ ጊዜ ቢገለብጠው የዚህን ያህል አይዘልቀውም።

ፈጥኖ መማር ሲባልም በዚሁ መንገድ መተርጎም አለበት። ቅኔን ጠንቅቆ ማወቅ ዓመታት ይጠይቃል፤ ይህን ዘመን የሚያሳጥር ብልሃት የቅኔ ቤት አላበጀም። ያበጀው ብልሃት የመጀመሪያው ፍሬ ከዓመታት በኋላ ሳይሆን ገና በጅምሩ እንዲለቀም ማድረግ ነው። መንገዱ ረጅም ቢሆንም ተጓዡ ባዶ እጁን የሚሄድበት ቀን የለም።

ሁለተኛው ነገር ደስታ ነው። ደስታን በትምህርት ውስጥ እንደ ጨዋታ ወይም እንደ ማባበያ የሚቆጥሩ መምህራን አሉ፤ ትምህርት መራራ ካልሆነ ትምህርት የሆነ አይመስላቸውም። በቅኔ ቤት ያለው ደስታ ግን የዕውቀት ምልክት ነው። ቅኔው ሲሰምር ሰሚዎች «ይበል!» ይላሉ። ይህ ቃል ለይሉኝታ የሚነገር ምስጋና አይደለም፤ ሰሚው ወርቁን ማግኘቱን የሚመሰክርበት ነው። ምሥጢሩ ያልገባው ከልቡ «ይበል» ሊል አይችልም፤ ምሥጢር የሌለው ቅኔም «ይበል» አያሰኝም። ስለዚህ ባለ ቅኔውም ሰሚውም በአንድ ቅጽበት ይፈተናሉ፤ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይደሰታሉ። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል። ቅኔ ያለ ብራናና ያለ ብዕር በጆሮና በልብ ሊያዝ መቻሉን የእርሳቸው ሕይወት ይመሰክራል፤ ይህም የሆነው ሥራው አጭርና የተሟላ ስለሆነ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የቅኔ ቤትን ገነት ማስመሰል አይገባም። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ለምኖ ያድር ነበር። ዱላም ነበር፤ ረኃብም ነበር፤ በብዙ ቦታም የትምህርቱ በር ለሴት ልጅ የተዘጋ ነበር። ከዘዴው የሚወሰደው የሥራው አከፋፈል እንጂ የኑሮው መከራ አይደለም። መከራው ለዕውቀቱ አስፈላጊ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው፣ ተማሪውን የያዘው ምን እንደነበር አልተረዳም፤ በረኃብ ውስጥ ያቆየው ረኃቡ አልነበረም፤ በየዕለቱ ከእጁ የምትወጣው ያች ትንሽ ሙሉ ሥራ ነበረች።

ይህን አካሄድ በሌላ አገርና በሌላ ጥበብ የደረሱበት መኖራቸውም ዘዴው ከአንድ ባህል ጋር ብቻ የተቆራኘ እንዳልሆነ ያሳያል። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክ ከ1926 እስከ 1939 በአውሮፓ አቆጣጠር «ሚክሮኮስሞስ» የተባለውን የፒያኖ ሥራ ደርሷል። ሥራው በ6 መጻሕፍት የተከፈሉ 153 አጫጭር ድርሰቶችን ይዟል። በመጀመሪያዎቹ ድርሰቶች የተማሪው ሁለት እጆች አንዱን ዜማ አብረው ይጫወታሉ፤ ጣቶቹም ከአምስት ድምፆች አይርቁም። በመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ያሉት በቡልጋሪያ ምት የተደረሱ 6 ጭፈራዎች ግን ለመድረክ የሚበቁ፣ የሠለጠነ እጅ የሚጠይቁ ናቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ርቀት ትልቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ቁጥር 1ም እንደ ቁጥር 153 ሁሉ መነሻና መድረሻ ያለው ሙዚቃ ነው። ለጣት ማፍታቻ ብቻ የሆኑትን መልመጃዎች ባርቶክ ከድርሰቶቹ ለይቶ በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ አስቀምጧቸዋል። ቁራሹ የሙልሙሉ አገልጋይ ሆኖ ቦታውን ይዟል ማለት ነው። በክራር ወይም በመሰንቆ የሚጀምረውን ወጣት የሚያስተምር መምህርም ከዚህ የሚማረው አለ፤ ቅኝቱን ሽቅብና ቁልቁል ብቻ እያስመታ ከሚያከርመው፣ በዚያው ቅኝት ውስጥ ያለች አጭር ዜማ አስይዞ ቢጀምር ተማሪው ቅኝቱንም ዜማውንም በአንድነት ያገኛል።

በዚህ ዘዴ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ ግን ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ትንሽ ሥራ የለመደ ሰው በትንሹ ታስሮ አይቀርም ወይ? በቃላት ኅብር የተካነ ወጣት የቃላት አክሮባት ሆኖ፣ ሐሳቡ ቀጭኖ አይገኝም ወይ? አደጋው እውነተኛ ነው። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ባገኘ ቁጥር ግጥም የጻፈ የሚመስለው ገጣሚ በየዘመኑ አለ፤ ሰሙ ያማረ ወርቁ ግን ናስ የሆነ ግጥምም ጥቂት አይደለም። ረጅም ሥራ የአጫጭር ሥራዎች ድምር አለመሆኑም እርግጥ ነው፤ መቶ ሙልሙል ቢደረደር ድፎ አይሆንም።

ሆኖም ታሪኩ ሲመረመር፣ ጥፋቱ ከትንሹ መጀመር ሳይሆን በትንሹ ላይ መቆም ሆኖ ይገኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ሰው ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ከረጅሞቹ የአማርኛ ልብ ወለዶች አንዱ ነው። መንግሥቱ ለማም ዝነኛ የቅኔ መምህር የነበሩት የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ሲተርኩ የመዘገቡትን በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳትመዋል። «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን የመሰሉት ኮሜዲዎቻቸው ደግሞ ምልልሳቸው የጠራ፣ ላዩ ሳቅ ውስጡ ትችት የሆነ ነው። የእነዚህን ደራስያን ችሎታ በሙሉ ለቅኔ ቤት መስጠት ማጋነን ይሆናል፤ ብዙ አንብበዋል፣ ብዙ አይተዋል። ቢሆንም የአጭሩ ጥበብ ትምህርት ወደ ረጅሙ ሥራ ከሚወስደው መንገድ እንዳላገዳቸው ሥራዎቻቸው ይመሰክራሉ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት እያንዳንዱ ጥበብ የራሱ ሙልሙል እንዳለው ነው። የተውኔት ጉባኤ ቃና ዐረፍተ ነገር አይደለም፤ የገጸ ባሕርይ መግለጫም አይደለም። ሁለት ሰዎች የሚገናኙባት፣ አንድ ነገር ተለውጦ የሚለያዩባት አጭር ትዕይንት ናት። ለምሳሌ ያህል፣ ማንበብ የማትችል እናት ከልጇ አገር የመጣ ደብዳቤ ይዛ ወደ ጎረቤቷ ቤት ትገባለች። ጎረቤትየው ማንበብ ይጀምራል፤ በመካከል ላይ መርዶ ያጋጥመዋል፤ ድምፁን ሳይለውጥ፣ ያልተጻፈውን ማንበብ ይቀጥላል። እናት አመስግና፣ ደብዳቤውን አጣጥፋ ከጡቷ ሥር ታስገባና ትወጣለች። ከዚህ በላይ የሚሆን ነገር የለም። ይህ ግን ሙሉ ተውኔት ነው፤ ግጭቱ በአንባቢው ልብ ውስጥ አለ፤ እናት ሰሙን ትሰማለች፤ ተመልካች ወርቁን ያያል። ሰልጣኙ ይህን በሁለት ገጽ ጽፎ፣ ባልንጀሮቹ በዚያው ዕለት ቆመው ሊጫወቱት ይችላሉ። ጎረቤትየው ብዙ ከተናገረ፣ እናት አስቀድማ ካለቀሰች፣ ወይም አንዱ ወጥቶ ምሥጢሩን ለተመልካች ካስረዳ፣ ጉድለቱ በዓይን ይታያል፤ በነጋታው ይታረማል። ቀጣዩ ደረጃ ሦስተኛ ሰው ማስገባት ነው፤ ከደብዳቤው ይዘት ወሬ የሰማች ሌላ ጎረቤት በር ላይ ትቁም። ዘአምላኪየ ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ቤት ተጨመረ።

ቲዎሪም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታውን አያጣም። ግጭት ምንድን ነው የሚለው ብያኔ፣ ተማሪው የደብዳቤውን ትዕይንት ሦስት ጊዜ አርሞ ካቀረበ በኋላ ቢነገረው፣ ቀድሞ በእጁ ለሚያውቀው ነገር ስም ይሰጠዋል። ስም ከነገሩ በኋላ ሲመጣ ያበራል፤ ከነገሩ በፊት ሲመጣ ግን ተማሪው ስሙን ይዞ ነገሩን ይረሳል።

ስለዚህ የኪነ ጥበብ ክበባትን የሚያቋቁሙ፣ የሥልጠና ዕቅድ የሚያወጡና በየትምህርት ቤቱ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ ሁሉ፣ የሚሰጡትን እያንዳንዱን መልመጃ ቁራሽ ነው ወይስ ሙልሙል ብለው ቢመረምሩት ይጠቅማል። ተማሪው ሲጨርስ ለሰው የሚያሰማው ሥራ በእጁ አለ? ሰሚው ከልቡ «ይበል» የሚልበት ቦታ አለው? ስሕተቱስ ሳይቀዘቅዝ ይታረማል? የሥልጠናዎች ስኬት በቀረቡት ረጃጅም ጽሑፎች ብዛት ሲለካ፣ ሪፖርቱ ይሞላል፤ ጸሐፊው ግን ላይወለድ ይችላል። በየሳምንቱ ሁለት ስንኝ ወይም ሁለት ገጽ የሠራ፣ የተነቀፈና ያረመ ወጣት ግን በዓመቱ መጨረሻ ተሰጥኦ አለኝ ወይስ የለኝም ብሎ መጠየቁን ይተወዋል፤ የሚቀጥለውን ሥራ ያስባልና።

በመንደሩ የቡሄ ዕለት ልጆች ለዘፈናቸው የሚቀበሉት ሙልሙል ነው። ለልጅ የተገባው ትንሽ ነገር ሙሉ መሆን እንዳለበት እናቶች ያውቁታል። ለጀማሪው ገጣሚና ለጀማሪው ጸሐፌ ተውኔትም መምህራኑ ከዚህ ያነሰ ሊሰጡት አይገባም።